ፕሪንተሩ ቆሞ ወረፋው ሲከማች፣ ሥራው ሳይጠፋ ከተርሚናል እንዴት ይፈታል?

ወረፋ_ጠባቂ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ በካፕስ (የሊኑክስ የህትመት ሥርዓት) የሚሠሩ ሁለት የኔትወርክ ፕሪንተሮች አሉ፤ ሂሳብ1 እና ሂሳብ2 እንበላቸው። ሰርቨሩ ስክሪን የለውም፤ ሁሉም ነገር በኤስኤስኤች ገብቶ ከተርሚናል ነው። ሂሳብ1 አልፎ አልፎ በራሱ ይቆማል፤ ሰው ግን መላኩን ስለማያቋርጥ ከኋላው ወረፋ ይከማቻል። በካፕስኢኔብል ትእዛዝ ሲነሳ ትንሽ ይሠራና ተመልሶ ይቆማል።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር «የስፑል ማህደሩን (ወረፋ ላይ ያሉ ሥራዎች የሚቀመጡበትን) አጥፍተህ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ» ነው። ይሄ ችግሩን ከነሰዉ ሥራ ጠራርጎ ነው የሚጥለው። የምፈልገው ሌላ ነው፦ የተከማቸው ወደ ሂሳብ2 እንዲዞር፣ የሚያቆመው ምን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ከዚያም በየጊዜው በእጅ ማስነሳት እንዲቀር። ትእዛዞቹን ከነምክንያታቸው ብትጽፉልኝ።

ነጭ_ወረቀት መለሰ፦

አስቀድሜ ስለ አጻጻፉ፦ ትእዛዞቹን በሚነበቡበት መንገድ እጽፋለሁ። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው የሚገቡት፤ ትልቅ ፊደል በሚያስፈልግበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።

ካፕስ ላይ እያንዳንዱ ፕሪንተር ሁለት በር አለው። የፊቱ በር አዲስ ሥራ መቀበል አለመቀበሉን ይወስናል፤ የሚከፈተው በካፕስአክሴፕት፣ የሚዘጋው በካፕስሪጀክት ነው። የኋላው በር ደግሞ ወረፋ ላይ ያለውን ወደ ማሽኑ መላክ አለመላኩን ይወስናል፤ እሱ በካፕስኢኔብል ይከፈታል፣ በካፕስዲሴብል ይዘጋል። ያንተ ሂሳብ1 የኋላ በሩ ተዘግቶ የፊቱ እንደተከፈተ ነው የቀረው፤ የሚከማቸውም ለዚህ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አይተህ ጀምር፦

ኤልፒስታት -ኤል -ፒ ሂሳብ1
ኤልፒስታት -ኤ ሂሳብ1

በመጀመሪያው ላይ -ኤል ቀድሞ መምጣት አለበት፤ ኤልፒስታት አማራጮቹን በቅደም ተከተል ስለሚያነብ ከኋላ ብታደርገው ዝርዝሩን አያወጣም። ውጤቱ ላይ ፕሪንተሩ የቆመበት ሰዓት፣ ከሥሩ የቆመበት ምክንያት፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አለርትስ» የሚል መስመር ታገኛለህ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን መስመር ነው። ሚዲያ-ጃም ካለ ወረቀት ነክሷል፤ ሚዲያ-ኤምፕቲ ካለ ወረቀት አልቋል፤ ቶነር-ኤምፕቲ ካለ ቶነሩ። እነዚህ ከተርሚናል አይፈቱም፤ ማሽኑ ጋ መሄድ ግድ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ግን ጥፋቱ ከአድራሻው፣ ከፊልተሩ (ሰነዱን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ ከሚቀይረው ፕሮግራም) ወይም ከራሱ ከሥራው ነው።

አሁን ወረፋው። ማን ምን እንደላከ በዚህ ይታያል፦

ኤልፒስታት -ኦ ሂሳብ1

እያንዳንዱ መስመር የሥራውን መለያ፣ የላኪውን ስም፣ መጠኑን በባይት እና የተላከበትን ጊዜ ይዟል። መለያው ሂሳብ1-214 ዓይነት ነው። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሥራ ልብ በል፤ «ትንሽ ሠርቶ ይቆማል» ያልከው ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወረፋው ራስ ላይ የተበላሸ ሥራ ሲኖር ነው። ፕሪንተሩን ስታስነሳው ካፕስ ያንኑ ሥራ እንደገና ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ወረፋውን መልሶ ያቆማል። ስለዚህ ከማስነሳትህ በፊት እሱን ብቻ ነጥለህ አግደው፦

ኤልፒ -አይ ሂሳብ1-214 -ኤች ሆልድ

እዚህ ላይ ኤች ትልቁ ፊደል ነው። ሥራው አይጠፋም፤ ከወረፋው ሳይወጣ ይጠብቃል። ኋላ ላይ በሆልድ ፈንታ ሪዙም ብለህ ትለቀዋለህ።

ከዚያ ሂሳብ1ን ከፊት ዝጋው፣ የተከማቸውን አዙር፦

ሱዶ ካፕስሪጀክት -አር "ጥገና ላይ" ሂሳብ1
ሱዶ ኤልፒሙቭ ሂሳብ1 ሂሳብ2

ሁለተኛው ትእዛዝ ወረፋው ላይ ያለውን በሙሉ ያዞራል። አንዱን ብቻ ከፈለግህ በፕሪንተሩ ስም ፈንታ የሥራውን መለያ ስጠው፦ ኤልፒሙቭ ሂሳብ1-214 ሂሳብ2።

ሳታዞር ግን አንድ ነገር አጣራ። ካፕስ ስፑል ውስጥ የሚያስቀምጠው ላኪው የላከውን ፋይል እንዳለ ነው፤ ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚቀይረው የማተም ተራው ሲደርስ ነው። ስለዚህ የፒዲኤፍ ሥራ ሞዴሉ ወደተለየ ፕሪንተር ቢዞርም በአዲሱ ድራይቨር እንደገና ይዘጋጃል፣ ችግር የለውም። ላኪው ኮምፒውተር በራሱ ድራይቨር አዘጋጅቶ፣ ሰርቨሩ ሳይነካው እንዲያሳልፍ የላከው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ለአንድ ማሽን በፒሲኤል (አንድ የፕሪንተር ቋንቋ) የተዘጋጀን ሥራ ፒሲኤል ለማያውቅ ማሽን ብትሰጠው በየገጹ አንድ ሁለት መስመር ትርጉም የለሽ ምልክት እየጻፈ ወረቀቱን ይጨርሰዋል። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ካልሆኑ አንዱን ሥራ ብቻ አዙረህ ውጤቱን እይ፤ ከዚያ ቀሪውን።

ስለ ስፑል ማህደሩ ማጥፋት ያልከው ትክክል ነው፣ አታድርገው። /ቫር/ስፑል/ካፕስ ውስጥ በሲ የሚጀምሩት ፋይሎች የሥራው መረጃ ናቸው፤ በዲ የሚጀምሩት ራሱ ሰነዱ ነው። ሰርቪሱ እየሠራ እነሱን በእጅ ስትሰርዝ ካፕስ በማስታወሻው የያዘው እና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጥሙም፤ ወረፋው ላይ ስም ያላቸው ግን ሰነድ የሌላቸው ሥራዎች ይቀራሉ። ለመሰረዝ ካንስል አለ።

ካንስል ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካንስል -ኤ ሂሳብ1 ብትል የሂሳብ1ን ወረፋ ብቻ ያጸዳል። ስሙን ረስተህ ካንስል -ኤ ብቻ ብለህ ኢንተር ከመታህ የሁሉንም ፕሪንተሮች ወረፋ ያጸዳል፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎም አይጠይቅም። የአንድ ሰው ሥራዎች ብቻ እንዲሰረዙ ከተፈለገ -ዩ ከተጠቃሚው ስም ጋር ጨምር።

ሩት_ሼል መለሰ፦

ከላይ ያለው ወረፋውን ያድናል። ምክንያቱን ለማግኘት ሎጉ ውስጥ ግባ፦

ሱዶ ግሬፕ "ጆብ 214" /ቫር/ሎግ/ካፕስ/ኤረር_ሎግ

ሎግ ውስጥ «ጆብ» የሚለው ቃል በትልቁ ጄ ይጀምራል፤ ግሬፕ ፊደል እንዳይለይ -አይ ብትጨምርለት ይቀልሃል። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ወይም ከሌለ ስርጭቱ ሎጉን ለሲስተምዲ ሰጥቶታል ማለት ነው፤ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ካፕስ በለው።

ካፕስ አንድ ሥራ ሲወድቅበት ዲበግ (ዝርዝር የሎግ አመዘጋገብ) ባይበራም እንኳ የዚያን ሥራ የመጨረሻ መስመሮች ሎጉ ላይ ያፈሳል፤ ልኩ ካልተቀየረ 200 መስመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ይበቃል። ካልበቃ፦

ሱዶ ካፕስሲቲኤል --ዲበግ-ሎጊንግ

ስትጨርስ --ኖ-ዲበግ-ሎጊንግ ብለህ አጥፋው። አንድ ወጥመድ አለ፦ በካፕስ ነባሪ ቅንብር ኤረር_ሎግ 1 ሜጋባይት ሲሞላ ስሙ ተቀይሮ መጨረሻው ላይ ትልቅ ኦ ይጨመርበታል፣ አዲስ ፋይልም ይጀመራል። ቀጣዩ ሲሞላ የቀድሞው ይጠፋል። ዲበግ በርቶ 1 ሜጋባይት ቶሎ ነው የሚሞላው፤ ስህተቱ ሌሊት ተከስቶ ጠዋት ብትፈልገው አታገኘውም። ለምርመራው ጊዜ ካፕስሲቲኤል ማክስሎግሳይዝ=0 ብትል መዟዟሩ ይቆማል። ምርመራው ሲያልቅ ግን መልሰው፤ አለዚያ ዲስኩን ይሞላዋል።

ሎጉ ላይ «ፊልተር ፌይልድ» ካየህ ጥፋቱ ሰነዱን ለመቀየር ከሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ወይ ፊልተሩ አልተጫነም፣ ወይ ፒዲኤፉ ተበላሽቷል። ሌላ ጤነኛ ፋይል ልከህ ካተመ ፒዲኤፉ ነው። «ፕሪንተሩ መልስ አይሰጥም» የሚል ከሆነ አድራሻውን እይ፦

ኤልፒስታት -ቪ ሂሳብ1

ይሄ ፕሪንተሩ የተመዘገበበትን አድራሻ ያወጣል። አድራሻው በቁጥር ከሆነ እና ፕሪንተሩ አይፒውን ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) የሚወስድ ከሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። ካፕስ ግን የድሮውን በር ማንኳኳቱን ይቀጥላል። ራውተሩ ላይ ለማሽኑ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ አስይዝለት፤ ከዚያ አድራሻውን አስተካክል፦

ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ ሂሳብ1 -ቪ አይፒፒ://10.0.0.21/አይፒፒ/ፕሪንት

ፕሪንተሩን መሰረዝ አያስፈልግም፤ በዚህ መልኩ አድራሻው ብቻ ይቀየራል፣ ወረፋው እንዳለ ይቆያል። አይፒፒ (የኔትወርክ ህትመት ፕሮቶኮል) በፖርት 631 ነው የሚሄደው። በሶኬት የተመዘገበ ከሆነ 9100፣ በኤልፒዲ ከሆነ 515 ነው። ፋየርዎል መሃል ካለ የሚመለከተው ፖርት መከፈቱን በኤንሲ -ዜድ ከሰርቨሩ ላይ ሞክር። ከተቻለህ ሶኬቱን ትተህ አይፒፒ ተጠቀም። ሶኬት በመሠረቱ ባይት ገፍቶ የሚሄድ መስመር ነው፤ አይፒፒ ግን ከማሽኑ ጋር ስለሚነጋገር ወረቀት ማለቁን፣ ክዳን መከፈቱን፣ ሥራው በትክክል መጠናቀቁን ተመልሶ ይነግርሃል።

ከአዲስ መመዝገብ ግድ ከሆነ ደግሞ፦

ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ ሂሳብ1 -ኢ -ቪ አይፒፒ://10.0.0.21/አይፒፒ/ፕሪንት -ኤም ኤቭሪዌር

ኢ ትልቁ ነው፤ ቦታውም ወሳኝ ነው። ከ -ፒ በኋላ ሲመጣ «ሁለቱንም በር ክፈት» ማለት ነው። ከ -ፒ በፊት ካስቀመጥከው ግን «ከሰርቨሩ ጋር በተመሰጠረ መስመር ተገናኝ» ማለት ይሆናል፤ ፕሪንተሩ ይመዘገባል፣ ግን ተዘግቶ ይቀራል፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ኤቭሪዌር የሚለው የአምራቹን ድራይቨር ሳይፈልግ ማሽኑን ራሱን ጠይቆ ያዘጋጃል፤ ለዚህ ማሽኑ በርቶ ኔትወርክ ላይ መሆን አለበት። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ፣ የቁጥር ምልክት ወይም እዝባር አታስገባ፤ አይቀበልም።

በራሱ እንዳይቆም ለሚለው፦

ሱዶ ግሬፕ ኤረርፖሊሲ /ኢቲሲ/ካፕስ/ፕሪንተርስ.ኮንፍ

ኤረርፖሊሲ ሲጻፍ ኢ እና ፒ ትልልቅ ናቸው። መልሱ ስቶፕ-ፕሪንተር ከሆነ ምክንያቱን አገኘህ፤ አንድ ሥራ በወደቀ ቁጥር ወረፋውን በሙሉ አቁም የሚል ትእዛዝ ነው። ይህን ፋይል በእጅ አታርመው፤ ሰርቪሱ እየሠራ የጻፍከውን ይደመስስብሃል። በዚህ ቀይረው፦

ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ ሂሳብ1 -ኦ ፕሪንተር-ኤረር-ፖሊሲ=ሪትራይ-ጆብ

አሁን የወደቀው ሥራ ለጊዜው ወደ ጎን ይደረግና ቀሪው ወረፋ ይቀጥላል። ሪትራይ-ከረንት-ጆብ የሚባል ሌላ አለ፤ እሱ ያንኑ ሥራ ወዲያው ደጋግሞ ስለሚሞክር የተበላሸ ፒዲኤፍ ካለ ሌላውን ሁሉ ያግታል። አቦርት-ጆብ ደግሞ የወደቀውን ትቶ ያልፋል፤ ላኪው ሳያውቅ ሥራው ይቀራል፣ ለሂሳብ ሰነድ አልመክረውም።

ዘጠኝ_ሺ_መቶ መለሰ፦

ሩት_ሼል ያለው ልክ ነው፤ ግን ሪትራይ-ጆብ ብቻውን ሥራን አያድንም፣ ገደብ አለው። ካልተቀየረ በየ30 ሴኮንዱ 5 ጊዜ ይሞክራል፤ ከዚያ ሥራውን ይተወዋል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ማለት ነው፤ ወረቀት የነከሰ ማሽን ጋ ሄዶ ለመፍታት እንኳ አይበቃም። /ኢቲሲ/ካፕስ/ካፕስዲ.ኮንፍ ላይ ጆብሪትራይሊሚት 120 ብለህ ጻፍና ሰርቪሱን በሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አድርግ። በ30 ሴኮንድ ልዩነት 120 ሙከራ አንድ ሰዓት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፕሪንተሩ በሶኬት ከተመዘገበ ፖሊሲው ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። የሶኬት ፕሮግራሙ ማሽኑ ካልመለሰለት ሥራው ወደቀ አይልም፤ እንደያዘው ደጋግሞ ይደውላል፣ ነባሪ ገደቡም 7 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ፕሪንተሩ አልቆመም፤ ኤልፒስታት «እያተመ ነው» እያለ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። አድራሻው መጨረሻ ላይ ገደብ ጨምርለት፦

ሶኬት://10.0.0.21:9100?ኮንታይምአውት=60

ከ60 ሴኮንድ በኋላ ተስፋ ይቆርጥና ፖሊሲው ሥራውን ይጀምራል። የጥያቄ ምልክቱን ሼሉ እንዳይተረጉመው አድራሻውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባ።

ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ከሆኑና አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ግን እኔ በእጅ ማዞርን ትቼ ክላስ (በአንድ ስም የተሰባሰቡ ፕሪንተሮች) ነው የምመክረው፦

ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ ሂሳብ1 -ሲ ሂሳብ
ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ ሂሳብ2 -ሲ ሂሳብ
ሱዶ ካፕስአክሴፕት ሂሳብ
ሱዶ ካፕስኢኔብል ሂሳብ

ሰው የሚልከው ሂሳብ ወደተባለው ስም ነው፤ ካፕስ ባዶ ለሆነው ማሽን ይሰጠዋል። አንዱ ሲወድቅ ሥራው በሌላው ይሞከራል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ሰነዱ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ላኪው አስቀድሞ አያውቅም። ማሽኖቹ በተለያየ ፎቅ ካሉ ወረቀቱን ፍለጋ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ክላሱ ይቅር።

ወረፋ_ጠባቂ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤልፒስታት -ቪ ሲታይ ሂሳብ1 በሶኬት ነው የተመዘገበው፣ ፖሊሲውም ስቶፕ-ፕሪንተር ነው። አሁን በኤልፒሙቭ የተከማቸው ዞሯል፤ ማሽኖቹ አንድ ሞዴል ስለሆኑ ችግር አልነበረም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ አትሞ የጨረሰውን ሥራ ላኪው ሳይልከው ከሰርቨሩ መልሶ ማተም ይቻላል? ሁለተኛ፣ በኤልፒአድሚን -ዲ ሂሳብ2ን ነባሪ አድርጌ ሳለ አንዳንድ ተጠቃሚ ላይ አሁንም ወደ ሂሳብ1 ይሄዳል።

ነጭ_ወረቀት መለሰ፦

ይቻላል፣ ሰነዱ ዲስኩ ላይ እስካለ ድረስ። ካፕስ ካልተነገረው በስተቀር የታተመውን ሰነድ ለ86400 ሴኮንድ ያቆየዋል፣ ማለትም አንድ ቀን። ያለቁትን ዝርዝር በዚህ ታያለህ፦

ኤልፒስታት -ደብሊው ኮምፕሊትድ -ኦ ሂሳብ2

ደብሊው ትልቁ ነው፤ ከ -ኦ በፊት ካልመጣ አይሠራም። መለያውን ካገኘህ (ኤች እዚህም ትልቁ ነው)፦

ኤልፒ -አይ ሂሳብ2-198 -ኤች ሪስታርት

አንድ ቀን ካለፈ ሰነዱ ስለተሰረዘ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እንደገና አይታተምም። የዚህን ሌላ ገጽታም አስብበት፦ የደመወዝ ዝርዝር ከታተመ በኋላም አንድ ቀን ሰርቨሩ ላይ አለ ማለት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ ካንስል -ኤክስ ከመለያው ጋር ሰነዱን ከዲስኩ ያነሳዋል። ለሁሉም እንዲሆን ከፈለግህ ካፕስዲ.ኮንፍ ላይ ፕሪዘርቭጆብፋይልስ ኖ በል፤ ከዚያ ግን ሪስታርት የሚባል ነገር የለም፣ አንዱን መምረጥ ነው።

ስለ ነባሪው፦ ኤልፒአድሚን -ዲ የሚወስነው የመጨረሻውን አማራጭ ነው። ኤልፒ መጀመሪያ የሚያየው ትእዛዙ ላይ በ -ዲ የተሰጠውን ስም ነው፤ ከዚያ ኤልፒዴስት የሚባለውን የሼል ተለዋዋጭ፣ ከዚያ ፕሪንተር የሚባለውን፣ ከዚያ ተጠቃሚው በራሱ በኤልፒኦፕሽንስ -ዲ ያስቀመጠውን፤ የሰርቨሩ ነባሪ ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያ ተጠቃሚ ገብተህ ኤልፒስታት -ዲ በል፤ ሂሳብ1 ካለ በመኖሪያ ማህደሩ ያለውን .ካፕስ/ኤልፒኦፕሽንስ ፋይል እይ፣ «ዲፎልት ሂሳብ1» የሚል መስመር ሳታገኝ አትቀርም። ካላገኘህ የሼል ማስጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱን ተለዋዋጮች ፈልግ። ሁለቱም በትልልቅ ፊደላት ናቸው የሚጻፉት።

ጥቁር_ቶነር መለሰ፦

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነጥብ ልጨምር። ትልልቅ ሪፖርቶች የቀኑን ወረፋ እንዳይዙ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅድሚያ ነው፤ ከ1 እስከ 100 ሲሆን ነባሪው 50 ነው። ወረፋ ላይ ያለ አስቸኳይ ሥራ በኤልፒ -አይ መለያው -ኪው 90 ብትለው ቀድሞ ይወጣል፤ መታተም የጀመረውን ግን አያቋርጥም። ሁለተኛው ሰዓት መስጠት ነው (ኤች እዚህም ትልቁ ነው)፦

ኤልፒ -ዲ ሂሳብ2 -ኤች 19:30 -ኤን 2 -ኦ ሳይድስ=ቱ-ሳይድድ-ሎንግ-ኤጅ ሪፖርት.ፒዲኤፍ

ይሄ ሁለት ቅጂ፣ ወረቀቱን በሁለት ፊት፣ በ19:30 እንዲያትም ነው። ሰዓቱ ግን የሰርቨሩ የአካባቢ ሰዓት አይደለም፤ ካፕስ የሚያነበው በዩቲሲ ነው። ከዩቲሲ 3 ሰዓት የሚቀድም ቦታ ላይ ያለ ሰርቨር 19:30 ሲባል በአካባቢው 22:30 ላይ ያትማል። ስለዚህ የምትፈልገው የአካባቢ 19:30 ከሆነ 16:30 ብለህ ጻፍ። ዴት -ዩ ብትል የአሁኑን ዩቲሲ ያሳይሃል፣ ከእሱ ቆጥረህ መስጠት ይቀላል።

በመጨረሻም ዊንዶውስ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች፦ ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንድ ሥራ ላኪው ኮምፒውተር ላይ «በመሰረዝ ላይ» ብሎ ከቀረ ጥፋቱ እዚያው ነው። በፓወርሼል ጌት-ፕሪንትጆብ -ፕሪንተርኔም ከፕሪንተሩ ስም ጋር ቁጥሩን ይሰጥሃል፣ ሪሙቭ-ፕሪንትጆብ በ -አይዲ ይሰርዘዋል። አልሰረዝ ካለ ብቻ እንደ አድሚን ገብተህ ኔት ስቶፕ ስፑለር በል፤ በሲስተም32 ሥር ስፑል፣ እሱ ውስጥ ፕሪንተርስ የሚባለው ማህደር ያሉትን በኤስፒኤል እና በኤስኤችዲ የሚያልቁ ፋይሎች አጥፋ፤ ከዚያ ኔት ስታርት ስፑለር። የሚጠፋው የዚያ ኮምፒውተር ያልተላከ ሥራ በሙሉ ስለሆነ ባለቤቱን አስቀድመህ ጠይቀው።